ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ፦ የበረራ ርቀትና የጉዞ ሰዓት ሳይሳሳቱ ማስላት (ዝርዝር መመሪያ)

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ 9 ሰዓት ተኩል፣ አንዱ 13፣ ሌላው 17፣ አንዳንዱ ደግሞ 20 ይላችኋል፣ ሁሉም ትኬት አይቶ ነው እንዲህ የሚለው። ስህተቱ ሁሌም አንድ ቦታ ነው፣ ሰው ትኬቱ ላይ ያለውን የመነሻ ሰዓት ከመድረሻው ላይ ቀንሶ በቃ ጨረስኩ ይላል። በዚህ የተነሳ እናቱን ለመቀበል በማግስቱ ኤርፖርት የሚሄድ አለ፣ ቦሌ አንድ ቀን ዘግይቶ ደርሶ ትኬቱ የተቃጠለበት አለ፣ ትራንዚቱን በ1 ሰዓት ቆርጦ ቀጣዩ በረራ ያመለጠው አለ። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት፣ ደረጃ አትዝለሉ፣ በተለይ 5ና 7ን።

ምሳሌዬ ከቦሌ ደለስ ነው ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሄድበት ስለሆነ፣ ግን ቁጥሮቹን ብቻ ቀይራችሁ ለየትኛውም ሁለት ኤርፖርት ትጠቀሙበታላችሁ።

መጀመሪያ እነዚህን አዘጋጁ

- ትኬቱን ራሱን። ቤተሰብ በስልክ የነገራችሁን ሰዓት አይደለም፣ ትኬቱ በፎቶ ይላክላችሁ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። በጭንቅላት የሚሰላ ነገር አይደለም፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ደክሟችሁ ስታስቡት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።
- ስልክ፣ ሳይን እና ኮሳይን ያለው ካልኩሌተር ያለበት። አይፎን ላይ ስልኩን ወደ ጎን ስታጋድሙት ይመጣል፣ ሌሎቹ ላይ በነጻ አፕ ማውረድ ይቻላል።
- የፈረንጅና የሀበሻ ቀን ጎን ለጎን ያለበት ካላንደር።

ደረጃ 1፦ ኤርፖርቱን በስም ሳይሆን በኮዱ ለዩ

ትኬት ላይ ሶስት ፊደል ያለው ኮድ አለ። ቦሌ ኤ-ዲ-ዲ ነው። ደለስ አይ-ኤ-ዲ ነው። መጀመሪያ እነዚህን ወረቀታችሁ ላይ ጻፉ።

ይሄን የምላችሁ በምክንያት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ሶስት ትልልቅ ኤርፖርት አለ፦ ቨርጂኒያ ያለው ደለስ፣ ከተማው አጠገብ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ሬገን (ዲ-ሲ-ኤ)፣ እና ሜሪላንድ ያለው ባልቲሞር ዋሽንግተን (ቢ-ደብሊው-አይ)። ከአዲስ የሚመጣው ደለስ ነው የሚያርፈው። ሬገን የሚጠብቅ ሰው ደለስ ለመድረስ ትራፊክ ካለ ከ1 ሰዓት በላይ ሊፈጅበት ይችላል።

ተጠንቀቁ፦ ደለስ እና ቴክሳስ ያለው ዳላስ የተለያዩ ናቸው፣ በመሀላቸው ከ1,800 ኪሎሜትር በላይ አለ። የዳላሱ ኮድ ዲ-ኤፍ-ደብሊው ነው። ኦንላይን ስትፈልጉ ስሙን ሳይሆን ኮዱን ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ርቀቱን ለኩ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱን ሰርታችሁ በሌላው አረጋግጡ።

ቀላሉ መንገድ፦

1. ኮምፒውተር ላይ ጉግል ማፕስ ክፈቱ፣ ቦሌን ፈልጉና ማኮብኮቢያው ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉ።
2. ከሚመጣው ዝርዝር ርቀት የሚለካውን ምረጡ።
3. ካርታውን አሳንሳችሁ ወደ አሜሪካ ጎትቱት፣ ደለስ ላይ ክሊክ አድርጉ።
4. ከታች የሚመጣውን ቁጥር ጻፉ። 11,560 ኪሎሜትር አካባቢ መሆን አለበት።

መስመሩ ተጣሞ ቢታያችሁ አትደንግጡ፣ ልክ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ጎብጦ ነው የሚታየው። ስክሪን ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ከለካችሁ ግን የማይረባ ቁጥር ነው የምታገኙት፣ ምክንያቱም ካርታው ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር አገሩን እየለጠጠ ያሳያል።

በካልኩሌተር፦

ቦሌ ኬክሮሱ 8.98 ሰሜን፣ ኬንትሮሱ 38.80 ምስራቅ ነው። ደለስ ኬክሮሱ 38.94 ሰሜን፣ ኬንትሮሱ 77.46 ምዕራብ ነው። ምዕራብ የሆነ ኬንትሮስ የግድ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይኖረዋል፣ ስለዚህ −77.46 ብላችሁ ጻፉ።

1. መጀመሪያ ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ መሆኑን ፈትሹ። የ30 ሳይን 0.5 ካላላችሁ ራዲያን ላይ ነው ያለው፣ ቀይሩት።
2. ኬንትሮሶቹን ቀንሱ፦ 38.80 ሲቀነስ −77.46፣ ይሄ 116.26 ይመጣል።
3. የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን አባዙ፦ የ8.98 ሳይን ሲባዛ በ38.94 ሳይን፣ 0.098 ይመጣል።
4. የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይን አባዙና በ116.26 ኮሳይን ደግሞ አባዙት፣ −0.340 ይመጣል።
5. የ3ኛውንና የ4ኛውን ደምሩ፦ −0.242።
6. የዚህን ተገላቢጦሽ ኮሳይን ውሰዱ፣ 104 ዲግሪ ገደማ ይመጣል።
7. በ111.2 አባዙት። ወደ 11,560 ኪሎሜትር ይመጣል ማለት ነው። በ60 ካባዛችሁት ደግሞ በኖቲካል ማይል (የመርከብና የአውሮፕላን ጉዞ መለኪያ) ወደ 6,240 ነው።

ካልመጣላችሁ፦ 5,080 አካባቢ ካገኛችሁ የመቀነስ ምልክቷን ረስታችኋል፣ የለካችሁት ከቦሌ እስከ ምዕራብ ቻይና ነው። በጣም ትንሽ ቁጥር ወይም ኤረር ከመጣ ራዲያን ላይ ናችሁ፣ ወደ 1 ተመለሱ። ኤክሴል ላይ የምትሰሩ ከሆነ ደግሞ ኤክሴል ሁሌም ራዲያን ነው የሚፈልገው፣ ዲግሪውን መጀመሪያ መቀየር አለባችሁ።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር። ያው ርቀት በኪሎሜትር 11,560፣ በተራ ማይል 7,180፣ በኖቲካል ማይል 6,240 ነው። ሶስቱም ልክ ናቸው። የተለያየ ቁጥር አይታችሁ ከሰው ጋር ከመከራከራችሁ በፊት በምን እንደተለካ እዩ።

ደረጃ 3፦ አውሮፕላኑ በየት እንደሚሄድ እዩ

የለካችሁት 11,560 አጭሩ ርቀት ነው፣ አውሮፕላን ግን ልክ በዛ መስመር ሄዶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ያ መስመር ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነስቶ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ሰሜን አልጄሪያን፣ ስፔንና ፖርቱጋልን አልፎ አትላንቲክን ያቋርጣል። የሱዳን አየር ክልል ደግሞ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ለሲቪል በረራ ተዘጋ፣ ሊቢያም ላይ ብዙ አየር መንገድ መብረር አይፈልግም። ስለዚህ ይዞራሉ። ለግምት ከ3 እስከ 6 በመቶ ጨምሩ፣ እኔ 4 በመቶ ነው የምጠቀመው፦ 11,560 ላይ 4 በመቶ ስትጨምሩ ወደ 12,020 ኪሎሜትር ይሆናል።

ከዛ መሀል ላይ ማረፊያ አለው ወይ የሚለውን እዩ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ለብዙ ጊዜ መሀል ላይ ለነዳጅ እያረፈ ነው የሄደው፣ እንደየዘመኑ ሮም ወይም ደብሊን፣ ሲመለስ ግን ቀጥታ ነው የሚመጣው። ምክንያቱ ቦሌ ነው። ኤርፖርቱ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው፣ እዛ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ክንፉም አቅማቸው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ረጅም መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ከነሻንጣው ጭኖ መነሳት ይከብዳል። በዛ ላይ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ንፋሱ ከፊት ነው። ደለስ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል።

ማረፊያ ካለው ሁለቱን ክፍል ለየብቻ ለኩና ደምሩ፦

- በደብሊን፦ 6,370 ሲደመር 5,460፣ ወደ 11,830 ኪሎሜትር።
- በሮም፦ 4,480 ሲደመር 7,230፣ ወደ 11,710 ኪሎሜትር።

አያችሁ፣ ደብሊን ማረፍ ከቀጥታው በ270 ኪሎሜትር ብቻ ነው የሚበልጠው፣ ያ በአውሮፕላን 20 ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ሰዓቱን የሚበላው ማረፉ፣ ነዳጅ መቅዳቱና እንደገና መነሳቱ ነው። ወደ ኒውዋርክ (ኒውዮርክ አጠገብ ያለው ኤርፖርት) በሎሜ (ቶጎ) በኩል ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ እሱ 4,150 ሲደመር 8,330 ሆኖ ወደ 12,480 ይደርሳል፣ ቀጥታ ቢሆን 11,230 ነበር። እዚህ ላይ ዞሩ ራሱ ከ1 ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ተጠንቀቁ፦ ዳይሬክት የሚል ትኬት መሀል ላይ አያርፍም ማለት አይደለም። በአንድ የበረራ ቁጥር አርፎ የሚቀጥለውም ዳይሬክት ይባላል። የማያርፈው ኖንስቶፕ የሚለው ነው። ትኬቱ ላይ ስቶፕ ስንት ነው የሚለውን ፈልጉ፣ ከሌለ የበረራ ቁጥሩን አየር መንገዱ ድረገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ።

ደረጃ 4፦ ርቀቱን ወደ ሰዓት ቀይሩ

ትልቅ አውሮፕላን ከፍታው ላይ ሲደርስ በሰዓት 900 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። ግን ንፋስ አለ። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ጠንካራ ንፋስ አለ፣ ክረምታቸው (ዲሴምበርና ጃንዋሪ አካባቢ) ላይ ደግሞ ይብሳል። ወደ አዲስ ስትመጡ ይገፋችኋል፣ ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ነው። ለግምት ወደ ምስራቅ 950፣ ወደ ምዕራብ 850 ያዙ።

ከደለስ ወደ ቦሌ ቀጥታ፦

1. 12,020 ሲካፈል ለ950፣ ወደ 12 ሰዓት ከ40።
2. ለመንደርደር፣ ለመውጣት፣ ለመውረድና ማኮብኮቢያው ላይ ለመንቀሳቀስ 40 ደቂቃ ጨምሩ።
3. ድምር 13 ሰዓት ከ20።

ከቦሌ ወደ ደለስ በደብሊን፦

1. 11,830 ላይ 4 በመቶ ጨምሩ፣ 12,300።
2. ሲካፈል ለ850፣ 14 ሰዓት ተኩል ገደማ።
3. ሁለት ጊዜ ስለሚነሳና ስለሚያርፍ 40 ደቂቃውን ሁለት ጊዜ ጨምሩ፣ 1 ሰዓት ከ20።
4. መሬት ላይ ለሚቆምበት 1 ሰዓት ከሩብ ያህል ጨምሩ።
5. ድምር 17 ሰዓት ገደማ።

ስለዚህ መሄጃው ከመመለሻው ወደ 4 ሰዓት ሊበልጥ ይችላል፣ ያው መንገድ ሆኖ። ብዙ ሰው የሚጠፋበት እዚህ ነው፣ የመመለሻውን ሰዓት ወስዶ ለመሄጃው ይጠቀማል።

ደረጃ 5፦ የትኬቱን ሰዓት ወደ ግሪንዊች ቀይራችሁ አረጋግጡ

እስካሁን የሰራችሁት ግምት ነው። አሁን ትኬቱ ራሱ ስንት ሰዓት እንደሚል አውጡ፣ ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው።

አንድ ህግ ብቻ ያዙ፦ ትኬት ላይ ያለ ሰዓት ሁሉ የዛው ከተማ ሰዓት ነው። የመነሻው የአዲስ፣ የመድረሻው የዋሽንግተን። ስለዚህ ሁለቱን ወደ አንድ ሰዓት ሳታመጡ መቀነስ ክልክል ነው። የሚያገናኛቸው የግሪንዊች ሰዓት (ጂኤምቲ፣ የየአገሩ ሰዓት የሚቆጠርበት መነሻ) ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን በክረምታቸው በ5፣ በበጋቸው በ4 ሰዓት ወደኋላ ናት።

የመሄጃ ምሳሌ (ሰዓቱ ለመለማመጃ ነው፣ የራሳችሁን ተኩበት)፦ ጃንዋሪ 10 ከቦሌ 22:30 መነሻ፣ ጃንዋሪ 11 ደለስ 08:00 መድረሻ።

1. የአዲሱ ላይ 3 ቀንሱ፦ 22:30 ሲቀነስ 3፣ 19:30፣ ጃንዋሪ 10።
2. የዋሽንግተኑ ላይ 5 ጨምሩ፦ 08:00 ሲደመር 5፣ 13:00፣ ጃንዋሪ 11።
3. ከ19:30 እስከ እኩለ ሌሊት 4 ሰዓት ተኩል፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ 13:00 ደግሞ 13 ሰዓት።
4. ድምር 17 ሰዓት ተኩል። ግምታችሁ 17 ነበር፣ ተቀራርቧል፣ አየር መንገድ ትንሽ መጠባበቂያ ይጨምራል።

ዝም ብሎ የሚቀንስ ሰው ይሄን 9 ሰዓት ተኩል ነው ይላል።

የመመለሻ ምሳሌ፦ ጁላይ 10 ከደለስ 11:00 መነሻ፣ ጁላይ 11 ቦሌ 07:30 መድረሻ።

1. በጋ ስለሆነ የዋሽንግተኑ ላይ 4 ጨምሩ፦ 15:00፣ ጁላይ 10።
2. የአዲሱ ላይ 3 ቀንሱ፦ 04:30፣ ጁላይ 11።
3. ከ15:00 እስከ እኩለ ሌሊት 9 ሰዓት፣ ከዛ እስከ 04:30 4 ሰዓት ተኩል።
4. ድምር 13 ሰዓት ተኩል።

ዝም ብሎ የቀነሰው ደግሞ 20 ሰዓት ተኩል ይላል፣ ከዛ ቤተሰቡ የሌለ ማረፊያ ይፈልጋል።

ተጠንቀቁ፦ ከሰዓቱ ጎን ትንሽ የመደመር ምልክት ያለባት 1 ወይም 2 ካለች በሚቀጥለው ቀን ወይም በሁለተኛው ቀን ይደርሳል ማለት ነው። በጣም ትንሽ ሆና ነው የምትጻፈው፣ በፎቶ የተላከ ትኬት ላይ ጭራሽ ላትታይ ትችላለች፣ አጉሉና እዩ።

ቀኑ ከተምታታባችሁ ከላይ ወደ ታች መስመር አስምራችሁ እኩለ ሌሊትን አመልክቱ፣ ከዛ በፊት ያለውንና ከዛ በኋላ ያለውን ለየብቻ ቁጠሩ። ቀንና ሰዓቱን በአንዴ ለመቀነስ አትሞክሩ።

ደረጃ 6፦ የአሜሪካን ሰዓት ቅየራ አትርሱ

አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሁድ ሰዓቷን 1 ሰዓት ወደፊት ታደርጋለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ትመልሳለች። በ2026 ለምሳሌ ማርች 8 (የካቲት 29፣ 2018) እና ኖቬምበር 1 (ጥቅምት 22፣ 2019) ላይ ነው የሚውለው። አዲስ አበባ አትቀያይርም። ስለዚህ ልዩነቱ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው።

ከማርች እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆነ 4፣ ከዛ ውጪ ከሆነ 5። የመሄጃና የመመለሻ ቀናችሁ በመሀል ቅየራ ካለበት ለየብቻ አስሉ፣ በአንዱ ልዩነት ሁለቱንም አትስሩ።

በአውሮፓ የምትቀያይሩ ከሆነ እነሱ የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው፣ ከአሜሪካ ጋር አንድ ላይ አይደለም። በማርች ሁለት ሶስት ሳምንት፣ በመጸው ደግሞ አንድ ሳምንት የለመዳችሁት ልዩነት ይዛባል። ለሌላ ቦታ ለምትሰሩ፦ ሪያድና ጅዳ ከአዲስ ጋር እኩል ናቸው፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች፣ ሶስቱም ሰዓት አይቀያይሩም።

ደረጃ 7፦ ወደ ሀበሻ ሰዓትና ቀን ቀይሩ (እዚህ ነው ትኬት የሚቃጠለው)

ትኬት በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው የሚጻፈው። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ግን በሀበሻ ነው የምንነግራቸው፣ እና በመሀል ይጠፋል።

ሰዓቱን ለመቀየር፦

1. ከፈረንጁ ሰዓት ላይ 6 ቀንሱ። ከ7 የሚያንስ ከሆነ መጀመሪያ 12 ጨምሩበት፣ ለምሳሌ 01:30 መጀመሪያ 13:30 ይሆንና 6 ሲቀነስ ሌሊት 7:30 ነው።
2. ውጤቱ 13 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ 12 ቀንሱ። 22:30 መጀመሪያ 16:30 ይሆናል፣ ከዛ ማታ 4:30።
3. ሁሌ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለውን ቃል አብራችሁ ጻፉ። ቁጥሩን ብቻ በቴክስት አትላኩ፣ 4:30 ብቻ ከላካችሁ ጠዋት መስሎት የሚመጣ አለ።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ለፈረንጅ አዲስ ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ እኛ ግን እስኪነጋ ድረስ ያው ቀን ነው ብለን ነው የምንኖረው። ትኬቱ እሁድ ማርች 15፣ 00:40 የሚል ከሆነ በኛ ሌሊት 6:40 ነው፣ ግን የቱ ሌሊት? ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ነው። ቦሌ መሄድ ያለባችሁ ቅዳሜ ማታ ነው። እሁድ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ 20 ሰዓት አልፎታል።

ስለዚህ መነሻው ከ00:00 እስከ 06:00 ባለው ውስጥ ከሆነ እንዲህ አድርጉ፦

1. ቀኑን አክብቡት።
2. ከጎኑ "ከዚህ ቀን በፊት ባለው ማታ ነው ከቤት የምወጣው" ብላችሁ ጻፉ።
3. 3 ሰዓት ወደኋላ ቁጠሩ፦ 00:40 ሲቀነስ 3፣ ቅዳሜ 21:40፣ በኛ ቅዳሜ ማታ 3:40። ቦሌ በር ላይ መድረስ ያለባችሁ ያኔ ነው።
4. ለቤተሰብ ስትነግሩ "ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከቤት ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ውጡ" በሉ። የበረራውን ሰዓት ብቻ አትንገሩ፣ ከቤት የሚወጡበትን ንገሩ። ትልቅ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።

ለቀኑ ደግሞ፦ የፈረንጁን ቀን በካላንደር ቀይሩት፣ በግምት ስምንት ቀን ቀንሼ አትበሉ፣ ልዩነቱ በየወሩ ይለያያል። ማርች 15፣ 2026 መጋቢት 6፣ 2018 ነው። ከዛ የሳምንቱን ቀን አመሳክሩ። ማክሰኞ በፈረንጅም በኛም ማክሰኞ ነው፣ ስለዚህ በሁለቱ ካላንደር የሳምንቱ ቀን ካልገጠመ ተሳስታችኋል፣ እንደገና ስሩ። ይቺ ማመሳከሪያ 10 ሰከንድ አትፈጅም፣ ስንት ትኬት ታድናለች።

ደረጃ 8፦ ከቤት እስከ ቤት ደምሩ

የበረራው ሰዓት ብቻውን የጉዞ ሰዓት አይደለም። ቦሌ ከመነሻው 3 ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፣ አሜሪካ በረራ ላይ ተጨማሪ ፍተሻ ስላለ እኔ 3 ሰዓት ተኩል ነው የምመክረው። ከቤት እስከ ኤርፖርት ያለውን ጨምሩ። ደለስ ካረፉ በኋላ ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣና ጉምሩክ አለ፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያዙ፣ አዲስ ኢሚግራንት ሆኖ በቪዛው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ደግሞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ 17 ሰዓት ተኩል የነበረው በቀላሉ 23 ሰዓት ይሞላል። ለትልቅ ሰው ይሄን እውነቱን ንገሩት፣ ለ13 ሰዓት ተዘጋጅቶ ለ23 ሰዓት መቀመጥ ከባድ ነው።

ኢንሱሊን ወይም በሰዓት የሚወሰድ መድሃኒት ያለው ሰው ካለ በደረጃ 5 ያወጣችሁትን እውነተኛ ሰዓት ጽፋችሁ ከጉዞው በፊት ሀኪሙን ጠይቁ። ግድግዳ ሰዓት አይቶ መውሰድ እዚህ ላይ አይሰራም፣ መድሃኒቱም ከእጅ ቦርሳ አይውጣ።

ከደለስ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥል ካለ፦ ኢሚግሬሽን የሚታለፈው መጀመሪያ በሚረግጡት የአሜሪካ ኤርፖርት ነው፣ ሻንጣውንም እዛው ተቀብሎ በጉምሩክ አልፎ እንደገና ማስረከብ አለ። ስለዚህ በሁለቱ በረራ መሀል ከ3 ሰዓት በታች አትግዙ። 1 ሰዓት ከ30 የሚል ርካሽ ትኬት ብታዩ እለፉት። ሁለቱ በረራ በተለያየ ትኬት ከተገዛ ደግሞ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው ተጠያቂ አይሆንም፣ በአንድ ትኬት ግዙ።

ነገሩ ሲበላሽ

ስሌታችሁና ትኬቱ ከ2 ሰዓት በላይ ከተለያየ። በቅደም ተከተል ፈትሹ፦ መጀመሪያ ማረፊያ አለው ወይ፣ ከዛ የበጋ ሰዓት ነው የክረምት፣ ከዛ መደመርና መቀነሱን አገላብጣችሁት ይሆናል። አዲስ ላይ ይቀነሳል፣ ዋሽንግተን ላይ ይደመራል። ልክ 1 ሰዓት ከተለያየ ብዙ ጊዜ የሰዓት ቅየራው ነው። ልክ 6 ወይም 12 ሰዓት ከተለያየ የሀበሻና የፈረንጅ ሰዓት ቀላቅላችኋል።

መልሱ ከ24 ሰዓት ከበለጠ ወይም ከዜሮ ካነሰ። ቀኑን ነው የሳታችሁት። የመደመር ምልክቷን ፈልጉና ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

የበረራ መከታተያው ከእናንተ የበለጠ ኪሎሜትር ካሳየ። ልክ ነው፣ ፍላይትራዳር24 ላይ የምታዩት አውሮፕላኑ ዞሮ የሄደበትን ነው፣ እናንተ ደግሞ አጭሩን ነው የለካችሁት። ከ10 በመቶ በላይ ከበለጠ ግን የማረፊያ ቦታው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ደረጃ 3ን እንደገና ስሩ።

መከታተያው ላይ በረራው "አርፏል" ሲላችሁ እናንተ ገና ነው ብላችሁ ስታስቡ። የትላንቱን በረራ ነው የምታዩት። ያው የበረራ ቁጥር በየቀኑ ይደጋገማል፣ ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ከቦሌ የተነሳበትን ቀን አብራችሁ ምረጡ። የሚያርፍበትን ቀን ካስገባችሁ የነገውን ያመጣላችኋል። ማረፊያ ያለው በረራ ከሆነ ደግሞ "አርፏል" የሚለው ደብሊን ላይ ሊሆን ይችላል፣ ከተማውን አንብቡ፣ ከመኪና ቁልፍ በፊት።

አየር መንገዱ ሰዓት ከቀየረ። ትኬት ከተገዛ ወራት ካለፉት ሊቀየር ይችላል፣ በተለይ በማርችና በኖቬምበር አካባቢ። ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ ከዛ ደግሞ 24 ሰዓት ሲቀረው፣ የቡኪንግ ቁጥሩን አየር መንገዱ ድረገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ። ተቀይሮ ካገኛችሁት የመነሻውን ብቻ አታስተካክሉ፣ ከደረጃ 5 ጀምራችሁ ሁሉንም እንደገና ስሩ፣ ቤት የለጠፋችሁትን ወረቀትም ቀይሩ፣ አሮጌው ወረቀት ፍሪጅ ላይ ከቀረ ቤተሰቡ እሱን ነው የሚያየው።

በረራው ከዘገየ። በስንት ሰዓት እንደዘገየ ጠይቁና መድረሻው ላይ ያንኑ ጨምሩ፣ ሰዓት ልዩነቱን እንደገና አትቁጠሩበት። 2 ሰዓት ከዘገየ 08:00 የነበረው 10:00 ነው። አንዳንዴ አየር ላይ ጥቂት ደቂቃ ይካካሳል፣ ግን በእሱ ላይ ተማምናችሁ የሚቀጥለውን በረራ አትጠብቁ፣ ትራንዚቱ ጠባብ ከሆነ ቦሌ እያላችሁ፣ አውሮፕላን ውስጥ ሳትገቡ፣ ካውንተሩ ላይ ቀጣዩን በረራ እንዲያዛውሩላችሁ ጠይቁ። አንዴ ከተነሳችሁ በኋላ ደለስ እስክትደርሱ ማንም የሚያደርግላችሁ ነገር የለም፣ እዛ ደግሞ ያንኑ የሚጠይቅ ረጅም ሰልፍ ነው የሚጠብቃችሁ።